እርጥብ ሽመል

የሻረግ ነጩን ገደል ከአናቱ እስከ እግሩ አቋርጣ ወጥታለች የሚለውን ወሬ ከአሶሳ እስከ መንጌ ያልሰማ የለም። የወሬው ምንጭ ግን አንድ ነው፤ ራሷ የሻረግ።

ደግሞ አወራሯ! በሁለቱም በኩል አንገት የሚያስቀጭ የኖራ ድንጋይ፣ መሃል ላይ ጥቁር ውኃ፣ ውኃው ውስጥ አዞ፣ አዞው ደግሞ አንድ ዓይና። አንድ ዓይናነቱን የጨመረችበት አምና ነው፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ "አዞ አለ" ስትለው "አዞማ የት የለም!" ብሎ ስላናደዳት።

እውነቱ ሌላ ነው። የገደሉ ላይኛው ግማሽ በእግር ይኬዳል፤ እሱን ድንጋይ በድንጋይ ታውቀዋለች። የታችኛውንም ጫፍ ከመንጌ በኩል ዞራ አይታዋለች። መሃሉ ላይ ግን ሁለቱ ግድግዳዎች ተጠጋግተው ተጠጋግተው ሊሳሳሙ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ወንዙ ዳር የሚባል ነገር ያጣና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ውኃ ብቻ ይሆናል። "ማነቂያው" ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። ማነቂያውን አልፋ አታውቅም። ዋና አትችልማ! ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት መንደር ውኃን የሚያውቀው በቦኖና በጀሪካን ነው፤ በጀሪካን ደግሞ ዋና አይለመድም።

ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዶቿን ማነቂያው አፍ ድረስ ታመጣና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች። ብስኩቷን ትከፍታለች። "ከዚህ ወዲያ ለባለሙያ ብቻ ነው" ትላለች። እንግዶቹም ውኃውን ያያሉ፣ አንድ ዓይናውን ያስባሉ፣ "እውነትሽን ነው" ብለው ይመለሳሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ለሌላው ሰው ይሆናል፤ የየሻረግ ውሸት እያደር ሥጋ ጨመረ፤ በዚህ ዓመት ጥር ላይም ከአሶሳ ቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ ተጻፈለት።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ ነጩ ገደል በመስህብነት ሊመዘገብ ነው፤ መስህብ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ፎቶ ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ። ካርድ ያለው እንግዳ ያስገባል፤ የሌለው ቤቱ ተቀምጦ ቲክቶክ ያያል።

የሻረግ ያንን ካርድ በእንቅልፏ ሳይቀር አንገቷ ላይ ስትዳስሰው ነው የከረመችው። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆመች ወዲህ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ዋሻ፣ ስለ ወፍ የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው ከስልኳና ከገደሉ ነው። ይህን ሁሉ ማወቋን የምትመሰክርላት አንዲት ወረቀት ግን የላትም። የገዛ እናቷ እንኳ ለሰው ስታስተዋውቃት "ይቺ ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ የምትዞረዋ ናት" ትላለች። ካርዱ ከመጣ መዞሯ ሥራ ይባላል፤ ካልመጣ እስከ ዕለተ ሞቷ ዟሪ ናት።

የደብዳቤው መርዝ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፦ "አመልካቾች የቢሮውን ባለሙያ ይዘው መስህቡን ከመነሻ እስከ መድረሻ ማቋረጥ ይጠበቅባቸዋል።"

አመልካቾች ያለው ሁለት ስለሆኑ ነው። ሁለተኛው ፈንታው ይባላል። የሚኖረው ግልገል በለስ ነው፤ ያደገው ግን ወደ እንጅባራ ነው። የቱሪዝም ዲግሪ አለው፤ መኖሩንም "እንደምን አደራችሁ" ከማለቱ በፊት ይነግራችኋል።

በቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ገደሉ አናት ላይ ተገናኙ። ባለሙያው አቶ ነብዩ ቦርጫቸውን አስቀድመው፣ አዲስ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ የምዘና ፎርሙን በክላሰር አቅፈው ነበር። መኪናቸውን ከነሾፌሩ ዞሮ ታችኛው ጫፍ ላይ እንዲጠብቃቸው ልከውታል። ፈንታው ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት ለብሷል። በደረቅ መሬት፣ በጠራራ ፀሐይ።

"ምነው፣ አቧራው ያሰምጠኛል ብለህ ነው?" አለችው የሻረግ።

"ሴፍቲ ፈርስት፤ ይህ የሙያው ሀሁ ነው።"

"ሀሁ ላይ ከሆንክ ገና ብዙ ይቀርሃል።"

የሻረግ ልቧ ያረፈው በአንድ ዘዴ ላይ ነበር፤ ማነቂያው ጋ ስትደርስ "ውኃው ሞልቷል፣ ዛሬ አይሆንም" ትላለች፣ ፎርሙ እዚያው ድንጋይ ላይ ይፈረማል። ግን ወር ጥር ነው። ወንዙ ጎድሎና ጠርቶ፣ ከሥሩ ያሉት ጠጠሮች አንድ ባንድ ይቆጠራሉ። ወንዝ እንኳ አንዳንዴ ለሰው ይዋሻል፤ ይሄኛው አልዋሽ አለ።

ቁልቁል ወረዱ። ግድግዳው መጀመሪያ የጥርስ ቀለም ነው፣ ዝቅ ሲሉ የወተት፣ ከዚያ ውኃ የላሰው ቦታ ላይ ልክ እንደ ጉልበት ለስልሶ ይብረቀረቃል። ከላይ ዝንጀሮዎች ተሰልፈው አቶ ነብዩ በመቀመጫቸው ሲወርዱ ይመለከታሉ። ፈንታው በየመታጠፊያው ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ይህ ሴዲመንታሪ የሚባለው የአለት ዓይነት ሲሆን" እያለ ከቃል ያጠናውን ያወርደዋል።

ሦስተኛው "ሲሆን" ላይ የሻረግ ከኪሷ ሎሚ አወጣች። በጥርሷ ገመሰችና ግድግዳው ላይ ጨመቀችው።

"ጋሽ ነብዩ፣ ጆሮዎን ያስጠጉልኝ።"

አስጠጉ። ድንጋዩ በቀስታ ትስስስ አለ፤ ነጫጭ አረፋም ብቅ ብቅ አለ።

"ኧረ! ይናገራል እንዴ?"

"ኖራ ድንጋይ ጎምዛዛ ነገር አይችልም፤ ሲነካው ይንጫጫል። ይህን ሁሉ ዋሻ የቦረቦረው የዝናብ ውኃ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ ሲያንጫጫው ኖሮ።"

"አሁን ምን እያለ ነው?" አሉ አቶ ነብዩ፣ ጆሯቸውን ሳያነሱ።

"'ፈንታው ትንሽ ይረፍ' እያለ ነው።"

አቶ ነብዩ ሳቁና ፎርሙ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ፈንታው አልሳቀም። "ማነቂያው ጋ እንገናኝ" ብሎ ብቻ ቀድሞ ሄደ።

ማነቂያው አፍ ላይ፣ እሷ ሦስት ዓመት ብስኩት የበላችበት ድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ነገር በቅጠል ተሸፍኖ ተኝቷል። ፈንታው ቅጠሉን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጠው። ታንኳ! ወደ ሃያ የሚሆን ቀርከሃ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ በገመድ ግጥም ተደርጎ ታስሯል። ገና አረንጓዴ ነው፤ ትናንት የተቆረጠ።

"የአያቴ ሙያ ነው" አለ ፈንታው፣ ደረቱን በላይፍ ጃኬቱ ላይ ሌላ ላይፍ ጃኬት አሳክሎ። "እኛ አገር ቀርከሃ ቤት ነው፣ አልጋ ነው፣ ታንኳ ነው። ትናንት ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ እዚሁ አሠራሁት። ሠራተኞቹ ምን አግኝተው እንደሆነ እንጃ፣ ሲስቁ ነው የዋሉት። ሲመሽብን ለሙከራ አልደረስንም እንጂ…"

የሻረግ አንድ ጊዜ አየችውና ገባት።

የእንጅባራ ቀርከሃ ውስጡ እንደ ቧንቧ ባዶ ነው፤ ይንሳፈፋል፤ የፈንታው አያት ዋሽተው አያውቁም። የዚህ አገሩ ግን ሽመል ነው፤ የቆላ ቀርከሃ። ውስጡ ድፍን ነው። አሶሳ ያደገ ልጅ ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንደኛ ክፍል ላይ ከመምህሩ ዱላ፣ በመዳፉ ነው። ሰዉ ነቀዝ እንዳይበላው እርጥቡን ሽመል ወንዝ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ድንጋይ የሚጭንበት እንኳ የለም፤ ራሱ እንደ ብረት ታች ወርዶ ይተኛል። ፈንታው የሠራው ታንኳ ሳይሆን መልሕቅ ነው።

"ሽመሉ ድፍን ነው" ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። ሦስቱም ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ አሰበች። ቢሰምጥስ? ዳር ላይ ይሰምጣል፣ ሱሪያቸው ይረጥባል፣ ጉዞው ይቀራል፣ "ቀድሞም ለባለሙያ ብቻ ነው ብያለሁ" ትላለች፣ የሦስት ዓመት ወሬዋ ሳይነካ ወደ ቤቱ ይገባል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ዘጋችው።

"እንግዲህ መሪያችን ትቅደማ" አለ ፈንታው በሽሙጥ።

"ነጂ ከኋላ ነው የሚሄደው። ከብት ሲነዳ አይተህ አታውቅም?"

አቶ ነብዩ ከብት መባላቸውን ልብ አላሉም። ስልካቸውን እንዳይረጥብ ከነቦርሳው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፤ ፎርሙን ግን፣ የመንግሥት ሰው ናቸውና፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው ታንኳው መሃል ተቀመጡ። ፈንታው ገፋ፣ ዘለለ፣ ታንኳውም ከድንጋዩ ተንሸራቶ ወደ ውኃው ገባ። ወደ ውኃው መግባቱንም ቀጠለ።

አሰማመጡ ላይ አንድም ችኮላ አልነበረም። መጀመሪያ የአቶ ነብዩ ቦት ጫማ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ ቀበቷቸው። እስከ ቀበቷቸው ድረስ ጨዋነታቸውን ጠብቀው ተቀምጠው ነበር። ግን የሻረግ እንዳሰበችው ዳር ላይ አልሆነም፤ ግፊቱ ወስዷቸው ማነቂያው ውስጥ ገብተዋል። ውኃው ብብታቸው ሲደርስ አቶ ነብዩ ክላሰሩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ጮኹ።

"ዋና አልችልም! የእመብርሃን ያለህ! ዋና አልችልም!"

ፈንታውን ላይፍ ጃኬቱ እንደ ቡሽ አንሳፎ በጀርባው ያሽከረክረዋል፤ እጁም እግሩም አየር ላይ ነው። "ተረጋጉ!" እያለ ይጮኻል፤ ከሁሉም ያልተረጋጋው እሱ ነው።

"ሽመሉ ድፍን ነው!" ብላ የሻረግ ጮኸች። ሦስቱ ቃላት አሁን መጡ፤ ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን እንደሚደርስ ሰው። ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ እጇን ዘረጋች፣ አልደረሰላትም። አንድ እርምጃ ብትጨምር! እግሯ እምቢ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ማንንም ያልፈራ አፍ እላይ አለ፤ እታች ግን ሁለት እግር እንደ ችግኝ ተተክሏል።

"አዞው! አዞው ነካኝ!" አሉ አቶ ነብዩ። የነካቸው ሽመሉ ነው።

ይሄኔ ከማነቂያው ውስጥ፣ ከግድግዳው መታጠፊያ፣ አንዲት ሴት በእግሯ እየተራመደች መጣች። ውኃው ደረቷ ላይ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ወርቅ የሚታጠብበት ገበቴ፣ ገበቴው ውስጥ የተጠቀለለ ልብስና አንድ ትልቅ ቅል። አልቸኮለችም። የግራውን ግድግዳ ተጠግታ መጥታ አቶ ነብዩን በኮሌታቸው ያዘችና ወደ ግድግዳው ጎተተቻቸው።

"ቁም!"

"ሰመጥኩ!"

"እግር አለህ፤ ቁም!"

አቶ ነብዩ ቆሙ። ውኃው ደረታቸው ላይ ቀረ። ክላሰሩ ግን አሁንም ሰማይ ላይ ነበር።

ሲትና ትባላለች። የበርታ ሴት ናት፤ ወርቅ አጣቢ፤ የዚህን ወንዝ አሸዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በገበቴ ስታጥብ የኖረች። አማርኛዋ ወንድና ሴት፣ አለቃና ምንዝር አይለይም፤ ሁሉንም "አንተ" ብላ ትገላግላለች። ፈንታውን በላይፍ ጃኬቱ ማንጠልጠያ ጎትታ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እንደ ዓሣ ዘረገፈችውና አቶ ነብዩን አስከትላ እሷም ወጣች።

"እንዴት… በእግርሽ… እዚህ ገደል ውስጥ?" አሉ አቶ ነብዩ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

"በግራ በኩል ድንጋይ አለ። ደረጃ ነው። መሃል ላይ ሰባት እርምጃ መሬት የለም፤ እዚያ ቅል ትይዛለህ። ሁሉም ሴት በዚህ ነው መንጌ ገበያ የሚሄደው። በላይ ዳገት ነው፤ ዳገት ማን ይወዳል?"

"አዞውስ?"

"ምን አዞ?"

አቶ ነብዩ ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ የሻረግ አዞሩ። የሻረግ ግድግዳው ላይ ያሉትን ወፎች ትመለከታለች።

"ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ? እዚህ ስታልፍ አይተሻታል?"

"ኋ! በደንብ ነው የማውቀው" አለች ሲትና ደስ ብሏት። "እዚህ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ብስኩት ይበላል፣ ይመለሳል። ሁልጊዜ። እኛ ከውስጥ እናየዋለን። 'ይሄ መስኪን ውኃ ይፈራል' እንላለን።"

ፈንታው ውኃ እየተፋ ሳቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቆመችው ግንብ በአንዲት ሴት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናደ፤ የሻረግን ግን ከሳቁ ይልቅ "መስኪን" የምትለዋ ቃል አንገበገበቻት። ቢያንስ ውሸታም ቢሏት ምናለበት!

ሲትና ግን አልጨረሰችም። ውኃው ሥር የተኛውን ታንኳ አጎንብሳ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄን እርጥብ ሽመል ማን አሠራ?"

"እኔ" አለ ፈንታው።

"አንተ የውጭ ሰው ነህ፤ አታውቅም። ኻላስ፣ አለቀ።" ወደ የሻረግ ዞረች። "አንተ ግን እዚህ ነው የተወለድከው። ሽመል ታውቃለህ። ሰውየው ሲቀመጥ አላየህም?"

"ታውቂ ነበር?" አሉ አቶ ነብዩ።

"አላስተዋልኩም" ማለት ትችል ነበር። ማንም አያጣራም። አፏም ለዚህ ዓይነት ነገር ሦስት ዓመት የሠለጠነ ነው። የሲትና ዓይን ግን ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት የኖረ ዓይን ነው፤ እሱ ፊት አሸዋ ማቅረብ ደከማት።

"አውቅ ነበር" አለች። "ዳር ላይ የሚሰምጥ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጉዞው እንዲቀር ፈልጌ። አልፌ አላውቅም፤ አዞም የለም። በቃ፤ ሌላ የቀረ ነገር ካለ ፎርምዎ ላይ ይጨምሩልኝ።"

አቶ ነብዩ ሱሪያቸውን ጨመቁ። መኪናው ያለው ወዲያ ነው፤ ወደ ኋላ የሦስት ሰዓት ዳገት፣ ወደ ፊት መቶ እርምጃ። "እንለፍ" አሉ።

ሲትና ጉዳይዋን ትታ ተመለሰችላቸው፣ እየሳቀችም ቀደመች። አቶ ነብዩ ተከተሉ፣ ከዚያ ፈንታው። የሻረግ መጨረሻ ገባች። አሁን ውኃው ወገቧ፣ አሁን ደረቷ፤ ቀኝ እጇ አየር ይይዛል፣ ግራዋ የኖራውን ግድግዳ እንደ እናት ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች። ከእግሯ በታች እውነትም ደረጃ አለ፤ ጠባብ፣ በብዙ ሴት እግር የተላገ። ማነቂያው ውስጥ ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከውኃው ይነሣና ነጩ ግድግዳ ላይ ይርገበገባል። ሦስት ዓመት ለእንግዶች ስታወራ ይህን አላወራችም። ከዚህ ሁሉ አንድ ዓይና አዞ መምረጧ አሳፈራት።

ሰባቱ እርምጃ ጋ ሲትና ሁለቱን አሳልፋ ቅሉን መለሰችላት። ደረቷ ሥር አቀፈችው፣ እግሯ መሬቱን ለቀቀ፣ የምታውቃቸውን ጻድቃን በሙሉ፣ አንዳንዶቹን ሁለት ሁለቴ፣ ጠራች። ከዚያ እግሯ እንደገና ድንጋይ አገኘ። አለቀ። ሦስት ዓመት የሸሸችው ነገር ቅል ታቅፎ እስከ ስምንት ከመቁጠር አይበልጥም ነበር።

ወዲያ ማዶ ጠጠራማ ሜዳ ላይ ሴቶች ወርቅ ያጥባሉ። አንዷ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አለች፣ ሁሉም ሳቁ። የሻረግ ትርጉም አልጠየቀችም።

አቶ ነብዩ ቦት ጫማቸውን ገልብጠው ውኃውን ካፈሰሱ በኋላ ተናገሩ። "ካርዱን ለፈንታው ነው የምጽፈው። እሱ አያውቅም፤ ያላወቀ ይማራል። አንቺ ከሁለታችንም በላይ ታውቂያለሽ፣ ያን ሎሚ ሳየው ላንቺ ወስኜ ነበር። ግን እያወቀ ዝም የሚል መሪ ጋ ሰው አልሰድም። ስለ ውሸቱ አይደለም፤ አዞውን እንዲያውም ወድጄው ነበር።"

"ገብቶኛል" አለች። የተጨመቀውን ሎሚ ከኪሷ አውጥታ ወደ ውኃው ወረወረችው።

"ስልኬ!" አሉ አቶ ነብዩ ድንገት ኪሳቸውን እየዳበሱ። "ቦርሳዬ ድንጋዩ ላይ ቀረ! ፎቶው ሁሉ እሱ ላይ ነው!"

"መጣሁ" አለ ፈንታው። አሁን ባለ ካርድ ነው። ሲትናን ቢፈልጓት ገበቴዋን ይዛ አሸዋዋ ላይ ተደፍታለች። "መንገዱ እንደሆነ ቀላል ነው።" ላይፍ ጃኬቱ ስለከበደው አውልቆ ጣለው፣ ቅሉንም ረሳው፣ ወደ ማነቂያው ገባ፤ ሲትና እንዳለችው፣ በግራ።

የሻረግ አየችው። በግራ! ሲመጡ ግራ የነበረው አሁን በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ሁለት እርምጃ ቢጨምር ድንጋዩ ያልቅና ጥልቁ ይጀምራል። ካርዱ ገና አልተጻፈም፤ የአቶ ነብዩ እስክሪብቶ ረጥቦ እምቢ ብሏቸው እያራገፉት ነው። አንድ ጊዜ ዝም ብትል…

"ፈንታው! ቁም! በቀኝ ነው!"

"ምን በቀኝ? ስንመጣ በግራ አልነበር?"

"ስትዞር ግራህም አብሮህ ይዞራል! እዚያ ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማሯችሁም?"

ፈንታው አንድ እግሩን ወደ ፊት ሰደደ፣ ታች ፈለገ፣ አጣ፣ ፊቱ ኖራ መሰለ። የሻረግ ቅሉን ብድግ አድርጋ ወደ ውኃው ገባች፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። እምቢ ያለው እግር አሁን ይሄዳል። በቀኝ በኩል አልፋው ከፊቱ ቆመች።

"ትከሻዬን ያዝ።"

"ነጂ ከኋላ ነው ብለሽ አልነበር?" አለ ፈንታው፣ በቀጭን ድምፅ።

"እሱ ለከብት ነው። ያዝ ብዬሃለሁ።"

ያዘ። ከኋላቸው አቶ ነብዩ እስክሪብቶው እንደ ምንም እሺ ብሏቸው የፈንታውን ስም እስከነአያቱ ጻፉ። የስሙ ባለቤት ግን በዚያች ሰዓት ማነቂያው ውስጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የአንዲት ዟሪ ትከሻ ይዞ ይከተል ነበር።